ሥዕል ያልሆነው የሕንፃ አርአያ

በልደታ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው፣ ብዙዎች እስከ ዛሬ «ቢልዲንግ ኮሌጅ» የሚሉት የግንባታ ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር እንኳ፣ የዲጂታል ሕንፃ ሞዴል ነገር ሲነሣ የሰው አሳብ ወደ ሥዕል ይሮጣል። ሞዴሉ ባጭሩ ሕንፃው በምድር ላይ ሳይቆም በኮምፒውተር ውስጥ ግድግዳ በግድግዳ፣ ምሰሶ በምሰሶ የሚታነጽበት መዝገብ ነው፤ ስለ ምንነቱ ይህ ይበቃል።

መታረም የሚገባው፣ ሞዴሉ የአሠሪን ዓይን ለመማረክ የተፈጠረ ጌጥ ነው የሚለው ስሕተት ነው። በዚሁ ሰፈር አንድ ወጣት መሐንዲስ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሞዴል እያሳየኝ «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ግድግዳ ይንኳት» ቢለኝ ነካኋት፤ እርስዋም ቁመቷን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረቷን፣ ብሎኬቷንና ልስኗን እንደ ንስሐ ልጅ አንድ በአንድ ተናዘዘች። ወጣቱ ብሎኬቱን በተጠቀጠቀ አፈር ሲለውጠው የሲሚንቶው ልክ ወዲያው ወረደ። ይህም ከንቱ ምኞት እንዳይመስል፣ በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር፣ ምድር ቤቱ በተጠቀጠቀ አፈር፣ ፎቁ በአፈር ጡብ የታነጸ ቤት ተሠርቷል። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል በባሕርዩ የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁ ጭስ ጋር ወደ አየር ስለሚወጣ፣ በዓለም ከሰው ልጅ ሥራ ከሚመነጨው የዚህ ጋዝ መጠን 8 በመቶ ያህሉ የሲሚንቶ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ከመዝገቡ የተቀነሰች እያንዳንዷ ኩንታል ትርጉም አላት። የውሃ ቧንቧ ከአርማታ አግዳሚ ጋር የሚጋጭበትንም ስፍራ ሞዴሉ አስቀድሞ ይገልጣል፤ ይህ ሳይታይ ሲቀር ግን የደረቀው አርማታ በመሮ ይፈለፈላል፣ የባከነውም ሲሚንቶ ጭሱን ሁሉ መልሶ አይሰበስብም።

ቸልተኞችንም ጥቂት መገሠጽ ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ፣ በሰኔ ግን በሰሜን በኩል ትውላለች፤ ሞዴሉ የሚሠራበት ፕሮግራም ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የባዕድ ከተማ ሳይለውጥ የሚሠራ ሰው ግን የሰሜኑን መስኮት የቀትር ፀሐይ ፈጽሞ እንደማትጎበኘው ቆጥሮ ያለ ጥላ ይተወዋል። ከዚህ የባሰው ሕንፃው ተነድፎ ካለቀ በኋላ ሞዴሉን ለማስታወቂያ ብቻ የሚያሠራው ነው፤ ያን ጊዜ መዝገቡ የሚያድነው ሲሚንቶ የለምና።

እንግዲህ ቤት አሠሪ የሆነ ሁሉ፣ መሠረቱ ሳይቆፈር ስለ ግድግዳው ቀለም ከመጠየቁ በፊት ስለ ሲሚንቶው ኩንታል ይጠይቅ፤ መልስ የማይሰጠው ሞዴል በእውነትም ሥዕል ነው።