የተሟላ የቪዲዮ ጨዋታን ነጣጥሎ በጨረታ መሸጥ

የተሟላ የቪዲዮ ጨዋታን ነጣጥሎ መሸጥ ማለት ከፋብሪካ በአንድ ሣጥን የወጣን ጨዋታ ለያይቶ፣ ካርትሪጁን ወይም ዲስኩን፣ ባዶ ሣጥኑን፣ የመመሪያ መጽሐፉንና ሌሎች ተጓዳኝ ዕቃዎችን በየብቻቸው ለጨረታ ማቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እንደተመሠረተው ኢቤይ ያሉ የኢንተርኔት ጨረታዎች ይህን አሠራር አቅልለውታል። ባዶ ሣጥን ብቻ የሚፈልግ ሰው በአንድ ከተማ ላይገኝ ይችላል፤ በዓለም ዙሪያ ግን ተጫራች አይጠፋለትም።

የዕቃው ደረጃዎች

ሰብሳቢዎች አሮጌ ጨዋታዎችን በሦስት ይከፍላሉ፦ ካርትሪጁ ብቻ ያለው ነጠላ፣ ሣጥኑና መመሪያው ያልጎደለ የተሟላ፣ እንዲሁም ከነፋብሪካ መጠቅለያው ያለ ያልተከፈተ። በሰሜን አሜሪካ የተሸጡት የኒንቴንዶ፣ የሱፐር ኒንቴንዶና የኒንቴንዶ 64 ጨዋታዎች ሣጥናቸው ካርቶን ስለነበረ ብዙዎቹ ተቀዳደው ተጥለዋል። ፕላስቲኩ ካርትሪጅ ግን ቆይቷል። ስለዚህ ሣጥኑ በውስጡ ከነበረው ጨዋታ ይልቅ ብርቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ነጣጥሎ መሸጥ የሚያዋጣበት ምክንያት

በጨረታ አንድ ዕቃ የሚያወጣው ዋጋ ሁለተኛው ብርቱ ተጫራች ሊከፍል ከፈቀደው ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ሙሉውን ለመግዛት አቅም ያላቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ክፍሎቹን የሚፈልጉት ግን ብዙ ናቸው። መጫወት የሚሻው ካርትሪጁን ብቻ ይፈልጋል፤ ካርትሪጅ ያለው ደግሞ ለጎደለው ሣጥን ወይም መመሪያ ይጫረታል።

ለስሌት ያህል፣ ሙሉው 300 ዶላር የሚያወጣ ጨዋታ ሲነጣጠል ካርትሪጁ 150፣ ሣጥኑ 130፣ መመሪያው 60፣ በድምሩ 340 ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ሻጩ ሦስት ጊዜ ማሸግና መላክ አለበት። ከክፍሎቹ ለአንዱ ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድ ጊዜ ካልተገኙ ደግሞ ትርፉ ወደ ኪሳራ ይለወጣል።

የማያዋጣበት ጊዜ

አንዳንድ ዕቃዎች ያለ ጓደኛቸው ጥቅም የላቸውም። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ ያወጣው «ስቲል ባታሊዮን» 40 ያህል ቁልፎችና ሦስት ፔዳሎች ካሉት ልዩ መቆጣጠሪያ ጋር ተሸጠ፤ ጨዋታው በተራ መቆጣጠሪያ አይሠራም። ዲስኩን ለብቻው የገዛ ሰው ሊጫወተው የማይችለውን ዕቃ ገዝቷል ማለት ነው።

ያልተከፈተ ጨዋታም አይነጣጠልም፤ ዋጋው ያለው ባለመከፈቱ ነው። «ሱፐር ማሪዮ 64» እጅግ በብዛት ከተሸጡ የኒንቴንዶ 64 ጨዋታዎች አንዱ ቢሆንም፣ አንድ ያልተከፈተ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2021 በሄሪቴጅ አጫራች ድርጅት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የሚያስከትለው ጉዳት

የተለያየው ዕቃ ብዙ ጊዜ መልሶ ይገጣጠማል። የአንዱ ሣጥን፣ የሌላው ካርትሪጅና የሦስተኛው መመሪያ ተሰብስበው «የተሟላ» ተብለው ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ከፋብሪካ አልወጡም እንጂ። ይህን አንዳንዴ ከአካሉ ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ የኒንቴንዶ ካርትሪጆች በአምስት ብሎኖች ይታሰሩ ነበር፤ የኋለኞቹ በሦስት። በቀደምት ሣጥን ውስጥ ባለ ሦስት ብሎን ካርትሪጅ ከተገኘ መቀያየሩን ያመለክታል።

ሌላው ጉዳት የትንንሽ ክፍሎች መጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሰሜን አሜሪካ የወጣው «ኧርዝባውንድ» ከተለመደው በሚበልጥ ሣጥን ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር ቀረበ፤ መጽሐፉም ሲፋቁ ሽታ የሚሰጡ ካርዶች ነበሩት። ካርዶቹ ከመጽሐፉ፣ መጽሐፉም ከሣጥኑ ከተለየ በኋላ የትኛው የማን እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት አይኖርም። ከዚህም በላይ እውነተኛ ባዶ ሣጥን ሐሰተኛ ካርትሪጅን እውነተኛ ለማስመሰል ሊያገለግል ይችላል።

ጥንቃቄ

ሻጭ ዕቃውን ከመነጣጠሉ በፊት ሙሉውን ፎቶ ቢያነሣና መለያየቱን በማስታወቂያው ቢገልጽ ታሪኩ አይጠፋም። ገዢም ክፍሎቹ ከመጀመሪያው አብረው የነበሩ መሆናቸውን ከመጫረቱ በፊት ሊጠይቅ ይገባል። ሣጥኑን ባዶ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ የተበተነውን ግን በኋላ በገንዘብ መልሶ ማግኘት አዳጋች ነው።