ወንድምን በፎቶግራፍ ስለ ማወቅ

ኦቲዝም የተባለውን የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ጽፎ ገለጠው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ፤ ዳሩ ግን ማእከሉ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ኤቫንስ ፕሪቻርድ አኙዋዎችን ፎቶግራፍ ሲያነሣ የሚታየውን የመረጠው እርሱ ነበር። እኔ ግን ምርጫውን፥ ጥቂት ቃል ብቻ ለሚናገረውና ሰፈርተኛው «አይሰማም» ለሚለው ታናሽ ወንድሜ ተውኩለት። (ካሜራው የስልክ ነው።) ካነሣቸው ሥዕሎች የሰው ፊት ያለበት የለም፤ የባሮ ድልድይ ጥላ በውሃው ላይ፥ ደግሞም ያው ጥላ በሌላ ሰዓት። ከገበያ ግን አንድም ሥዕል አልተገኘም፤ በዚያ ጫጫታ ሁለት እጆቹ ጆሮውን ይዘው ስለሚውሉ ነው። «አይሰማም» የተባለው ልጅ ከሁላችን አብልጦ ይሰማል ለካ! ስለዚህ እናታችን አሁን የምትወስደው በማለዳ፥ ገበያው ሳይሞላ ነው።