ከቀለሙ በፊት ግድግዳውን እንመልከት

 

ረመዷን ሲቃረብ ቤትን ማሳመር የተለመደ ነው። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ሸነን የሚገኘውን የጭቃ ቤታችንን ሳሎን በጥድፊያ ቀባን። ስንጥቁን በጀሶ ደፈንነው፤ በላዩም ቀለም ደራረብንበት። ለዒድ አምሮ ዋለ። ሐምሌ ሲገባ ግን ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ትንሹ ልጃችን ልጣጩን ወደ አፉ ሲወስድ ያየን ዕለት፣ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ገባን።

በዕድሜ የገፉ አንድ ግድግዳ ለሳኝ ጠራን። ግድግዳውን ሳይሆን ጣሪያውን አዩ። «ልጆቼ፣ በሽታው ከላይ ነው፤ እናንተ ፊቱን ታክማላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ በአንድ ምስማር ቀዳዳ ያፈስ ነበር፤ ከታች ደግሞ የጠፈጠፍ ውሃ ከመሬት እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል።

መጀመሪያ ውሃውን ማቆም

ቀዳዳውን ደፈንን፤ በግድግዳው ሥር ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። ከዚያም ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅን። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቁራጭ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ግድግዳው ላይ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆያል። ከሥሩ ጤዛ ከታየ ጊዜው ገና ነው። እኛ ይህን ያገኘነው ኅዳር ላይ ነው።

አሮጌውን ቀለም በጥንቃቄ

የቆየ ቀለም፣ በተለይም የዘይት ቀለም፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። አገራችን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በየግድግዳው አለ። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ በእሳትም አይላጥም። ውሃ እየተረጨበት ይፋቃል። ልጆችና ነፍሰ ጡር እናቶች ከክፍሉ ይወጣሉ። ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ፍርፋሪው ተሰብስቦ ይታሰራል፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

ቁስሉን መጠገን

ቀጥሎ ግድግዳውን በጣታችን አንጓ እናንኳኳ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከግድግዳው ተላቋል፤ ይነሳ። ስንጥቁም በቢላዋ ሰፋ ተደርጎ አቧራው ከተጠረገ በኋላ በውሃ ይረጥባል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ እንጠግናለን። ጭቃ ለስላሳ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ያስወጣልም። ሲሚንቶ ግን ደንድኖ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ቆይቶም ይላቀቃል። ለሳኙ ያዘዙን ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት የሰነበተ ጭቃ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ስስ ስስ እየተደረገ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይከተላል። የሲሚንቶ ልስን ያለው የብሎኬት ቤት ደግሞ በሲሚንቶና በአሸዋ ይጠገናል።

ማለስለስ

ኖራ የተቀባ ግድግዳ በመዳፍ ሲታሽ እጅን ካነጣ፣ ተፍቆና ታጥቦ ይድረቅ፤ አለዚያ በላዩ የሚመጣው ሁሉ አብሮት ይረግፋል። ከዚያ ስቱኮ ሁለት ጊዜ ስስ ሆኖ ይለበጣል። በመካከሉ ይደርቃል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ጀሶ የሚጠቀም ሰው ፈጥኖ ስለሚጠጥር ጥቂት ጥቂት ብቻ ይበጥብጥ፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ላይም አያድርገው።

ሲመሽ ባትሪ አብርተን ከግድግዳው ጋር አስጠግተን በጎን እንያዘው። ቀን የተሰወረው ጉብታና ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል። እዚያው ይታረም፤ ቀለም ጉድለትን አይሸፍንም፣ ያጎላዋል እንጂ።

አቧራው ተጠርጎ መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ቀለም፣ ሲደርቅም ሁለት እጅ ይቀባል። ለጭቃ ግድግዳ በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም ከዘይቱ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍስበታልና።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ቀለሙ ግን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ልጣጭ አልተነሳም። ልጃችንም ዛሬ ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ ትምህርቱን ያጠናል። እናንተም ለመጪው ረመዷን ካሰባችሁ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ዛሬውኑ ወደ ጣሪያችሁ ቀና በሉ።