የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሥራ ከናሙና አወሳሰድ ይጀምራል

የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኃላፊ ዋነኛ ተግባር ራሱ ምርመራ ማካሄድ ሳይሆን፣ የምርመራው ውጤት እምነት የሚጣልበት እንዲሆን ማድረግ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ማግኘቷን ማስታወቋ ይታወሳል። የብክለቱ ምንጭ ቡናው የታሸገበት ጆንያ መሆኑም ተገልጿል። ክስተቱ ቁጥጥሩ ምርቱን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውንም ማካተት እንዳለበት ያመለክታል።

አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ የላቦራቶሪ ሥራ ከንግድም ሆነ ከሌላ ተፅዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት ኃላፊው የመለኪያ መሣሪያዎች ካሊብሬሽን በወቅቱ መከናወኑን፣ የባለሙያዎች ብቃት መረጋገጡንና የእያንዳንዱ ናሙና ሂደት በመዝገብ መያዙን ይከታተላል።

ውጤቱ ከተቀመጠው ወሰን ውጪ ሲሆን በቅድሚያ የስሌት፣ የመሣሪያ ወይም የናሙና አያያዝ ስህተት መኖር አለመኖሩ ይጣራል። ስህተት ካልተገኘ የተፈለገው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ምርመራውን መደጋገም ተገቢ አይደለም፤ የተገኘው ውጤት እንዳለ ይመዘገባል።

የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊዎች ድርሻም ውጤቱ በወቅቱ እንዲደርሳቸው መጠየቅ እንጂ እንዲለወጥ ግፊት ማድረግ አይደለም።