«ቀረ» ሲባል ሁልጊዜ መቀነስ ነው?

ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ሕፃናት መደመርና መቀነስ በታሪክ መልክ ቢቀርብላቸው ይበልጥ እንደሚገባቸው በማስተማር ዘዴ ትምህርታችን ተደጋግሞ ተነግሮናል። ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በየመማሪያ ክፍሉ ስንዘዋወር ከታሪኩ ቀድሞ አንድ አቋራጭ መንገድ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ እናገኛለን፤ «ጨመረ ካለ ደምር፣ ሰጠ ወይም ቀረ ካለ ቀንስ» የሚል። ልጁ ይህን ከያዘ በኋላ ታሪኩን ለምን ይሰማል? ቃሏን ይፈልጋል፣ ቁጥሮቹን ይለቅማል፣ አለቀ።

አቋራጩ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል። ቀጥሎ እንዲህ ያለው ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል፦ «ጫልቱ ጠዋት እንቁላል ሰበሰበች። ከሰዓት በኋላ 3 ጨመረች። አሁን 8 አሏት። ጠዋት የሰበሰበችው ስንት ነበር?» «ጨመረች» የምትለዋን ያየ ልጅ ያለማመንታት 11 ይላል። ጫልቱ በጠቅላላው 8 ብቻ እያሏት ጠዋት 11 እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መደመሩን አልሳተም፤ 8 እና 3 በእርግጥም 11 ነው። የጠፋበት ታሪኩ ነው።

በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ የሚገኝ የሒሳብ ትምህርት ምርምር ተቋም በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ውጤት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች ቢኖሩ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜ ስንት ነው ተብለው ከተጠየቁ 97 ሕፃናት መካከል 76ቱ ቁጥሮቹን አገናኝተው መልስ ሰጡ። ያስቃል፤ ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ትርጉም የማይጠየቅበት ሰዓት መሆኑን ልጆቹ ተምረውታል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ልማድ አንዴ ከያዙት በኋላ ማስለቀቅ ቀላል አይደለም።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። «ከ9 ልጆች 4 ቀሩ» ብንል አንዱ ልጅ አራቱ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውን ይሰማል፤ ሌላው ደግሞ አምስቱ ወደ ቤት ሄደው አራቱ እዚያው መቆየታቸውን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ቃሉን ከመሸሽ ይልቅ ሆን ብሎ በሁለቱም መንገድ ማቅረብና «የትኛውን ማለታችን ነው?» ብሎ ማነጋገር ይሻላል።

ሁለተኛው ጠባይ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «አልማዝ ከነበሯት 8 ብርቱካኖች ውስጥ 3ቱን ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሕፃኑ 8ንም 3ንም የሰማው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ነው። ችኩሉ ልጅ ግሱ እስኪደርስ ጣቶቹን ቆጥሮ ጨርሷል! መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መቆራረጥ ነው፦ «አልማዝ 8 ብርቱካን ነበራት። ወንድሟ መጣ። 3 ሰጠችው።» ከዚያም ልጁ ታሪኩን ያለ ቁጥር መልሶ ይንገረን፤ አልማዝ ብርቱካን ነበራት፣ ለወንድሟ ሰጠችው። «ታዲያ ብርቱካኗ በዛ ወይስ አነሰ?» ብለን እንጠይቀው። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሌላ ቋንቋ የምታስተምሩ ሠልጣኞችም የቋንቋችሁን ግሶች በዚሁ ዓይን ብትመረምሩ መልካም ነው።

በየቀኑ አዲስ ታሪክ መፍጠር አያስፈልግም። አንዱን ይዞ የሚደበቀውን ነገር መለዋወጥ ይበቃል። ጦጢት 9 እሸት በቆሎ ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች፤ ዝንጀሮ ከሥር ሆኖ ቢለምናት 4 ጣለችለት፤ ስንት ቀራት? ይህ ቀላሉ ነው። በማግስቱ፦ 9 ነበራት፣ ጥቂት ጣለችለት፣ 5 ቀራት፤ የጣለችለት ስንት ነው? ከዚያ ከበድ ያለው፦ ጦጢት በቆሎ ነበራት፣ 4 ጣለችለት፣ 5 ቀራት፤ መጀመሪያ ስንት ነበራት? የመጨረሻው «ጣለች» እያለ በመደመር የሚፈታ መሆኑን ልብ በሉ። ልጆቹ በጠጠር ወይም በቆርኪ ይሥሩት፤ አንዱ ጦጢት ሌላው ዝንጀሮ ሆኖ ወጥቶ ቢያሳይ ደግሞ ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍልም እንኳ የኋላው ወንበር ይነቃል። ታሪኩ ግን ከሦስትና ከአራት ዓረፍተ ነገር አይለፍ፤ ከረዘመ ልጆቹ ስለ ዝንጀሮው መጨረሻ እንጂ ስለ በቆሎው አይጠይቁም።

ማነጻጸር ሲመጣ የጥያቄው አነጋገር ብዙ ይወስናል። ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ለአንደኛ ክፍል ልጆች ወፎችና ትሎች ያሉበት ሥዕል አሳይቶ «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲላቸው ከመቶ 64ቱ ብቻ መለሱ። «እያንዳንዱ ወፍ አንድ ትል ሊይዝ ቢሽቀዳደም ስንት ወፍ ትል ሳያገኝ ይቀራል?» ሲላቸው ሁሉም መለሱ። ሥዕሉም ቁጥሩም ያው ነው። በእኛም ዘንድ «በስንት ይበልጣል» ከማለታችን በፊት «ለስንቱ አልደረሰውም?» ወይም «ስንት ይጎድለዋል?» ብንል ልጁ ከቤቱ የሚያውቀው አነጋገር ስለሆነ ይገባዋል።

ዋጋ የሚጠቀስባቸው ጥያቄዎችም ከዛሬው ገበያ ይወሰዱ። እንቁላል በሳንቲም የሚሸጥበት ታሪክ የጉሊት ልጅ ፊት ቢቀርብ የሚያተርፈው ሳቅ ብቻ ነው።

ልጆቹ መረዳታቸውን ለማወቅ ደግሞ ነገሩን ገልብጡት። ሰሌዳው ላይ 7 − 2 ጻፉና ታሪኩን እነሱ ይፍጠሩ። «7 ላሞች ነበሩ፤ 2ቱ ወንዝ ወረዱ» የሚል ልጅ ገብቶታል። «7 ላሞች አሉ፤ 2 በጎች አሉ፤ ስንት ቀሩ?» የሚለው ግን ቃሏን ብቻ ነው የያዘው፤ ከእርሱ ጋር ወደ ጠጠሩ መመለስ ያስፈልጋል። በመጪው የማስተማር ልምምድ እንዲህ ያሉ የልጆች ታሪኮች ሲያጋጥሟችሁ እንደ ተነገሩ በደብተራችሁ ያዙልንና በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸዋለን።