ላም ከወለደች በኋላ ያሉት 85 ቀናት

የላም እርግዝና በአማካይ 280 ቀን ያህል ነው። ላሟ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ፣ በወለደች በ85 ቀን ውስጥ ዳግም ጽንስ መያዝ አለባት። ማህፀኗ ወደ ቦታው ለመመለስ 40 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት ከዚያ በፊት ማዳቀል ከንቱ ድካም ነው። ለአርቢው የሚተርፈው ስድስት ሳምንት፣ ማለትም ሁለት የድራት (ኮርማ የመፈለጊያ) ዙር ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ግን የአገር ዘር ላም ብዙ ጊዜ የምትወልደው በሁለት ዓመት አንዴ ነው፤ ድቅሎቹም ከዓመት ያልፋሉ።

ይህ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ወተት እጥረት ሲነሳ የምንነጋገረው ስለ ዝርያ ነው። የቃሊቲው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ለአሥርት ዓመታት የኮርማ አባለዘር ሲያሰራጭ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አድርጓል። ዝርያ ማሻሻሉ ተገቢ ነው። ይሁንና ድቅሏ በጊዜዋ ካልያዘች፣ ነጥፋ በቆመችባቸው ወራት የምትበላው ፋጉሎና ፍሩሽካ የወተቷን ትርፍ ይጨርሰዋል።

መዘግየቱ የሚጀምረው ከግርግሙ ነው። ጥገት ላም ከምትበላው በላይ ከገላዋ አውጥታ ትታለባለች፤ ኮርማ የምትፈልገውም ገላዋ ሲመለስ ነው። በታኅሣሥ ወይም በጥር ወልዳ በጋውን በገለባ ብቻ ያሳለፈች ላም፣ ክረምቱ ገብቶ ሣር እስኪበቅል ዝም ልትል ትችላለች። ጥጃው ቀኑን ሙሉ መጥባቱም ድራቷን ያዘገያል።

ከዚህ የሚከብደው ድራቱን ማየት ነው። የሚቆየው ከግማሽ ቀን እምብዛም አይበልጥም፤ በአገር ዘሯ ላይ ያጥራል፣ ሌሊትም ሊሆን ይችላል። ዋናው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ መታገሷ ነው። አንዲት ላም ብቻ ያለው፣ እሷንም በጨለማ በረት አስሮ የሚያውል ቤተሰብ ይህን ከየት ያያል? መቅበጥበጧን፣ መጮኋን፣ ከብልቷ የሚወርደውን የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ንጋትና ምሽት መከታተል አለበት። ጠዋት የታየባት ማታ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

አርቢው ይህን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ አዳቃዩ ላይደርስ ይችላል። ለአንድ ባለሙያ ብዙ ቀበሌ ይሰጣል፤ ሞተር ሳይክሉ ይበላሻል፤ አባለዘሩን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን ያልቃል። ቅዳሜና እሁድ አገልግሎት በሌለበት ወረዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ሰኞ ጊዜዋ አልፏል። ባለቤቷ እስከሚቀጥለው ድራት ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል። ይህ ተረኛ በመመደብ የሚቃለል ነገር ሆኖ ሳለ ዓመታት መቆየቱ ያሳዝነኛል።

ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትግራይና በሐዋሳ አካባቢ የተሞከረው ድራትን በሆርሞን መርፌ የማቀናጀት ዘዴ ከዚህ ችግር ለመውጣት የታሰበ ነበር። ፕሮስታግላንዲን የተወጉ ላሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮርማ ስለሚፈልጉ አዳቃዩ ብዙዎቹን በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል። ነገር ግን መርፌው የሚሠራው የእንቁላል እጢዋ ሥራ በጀመረ ላም ላይ ነው፤ በከሳች ላም ላይ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ያረገዘችን ላም ደግሞ ያስወርዳታል። ስለዚህ ሳይመረመሩ ላሞችን ሰብስቦ መውጋት በአርቢው ንብረት ላይ መፍረድ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የተዳቀሉትን ላሞች ብቻ ሳይሆን፣ ከወለዱ በ85 ቀን ውስጥ የያዙትን ቆጥረው ሪፖርት ያድርጉ፤ የቅዳሜና እሁድ ተረኛም ይመድቡ። አርቢዎችም ላማችሁ የወለደችበትን ቀን በረቱ ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ ከ45ኛው ቀን ጀምሮም ጠዋትና ማታ ተመልከቷት።