ደካማ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላልን?

ብዙዎቻችን ስፒከር የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ኃይለኛ ሲሆን ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ደካማ አምፕሊፋየርም ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ለጉዳት ምክንያት ይሆናል። ባልተዛባ ሞገድ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየርን እንውሰድ። ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ሲደረግ ቮልቴጁ ከተወሰነለት ጣሪያ ማለፍ ስለማይችል የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ። ሞገዱ ወደ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲቃረብም አማካይ ኃይሉ ወደ 100 ዋት ይጠጋል። በመቆረጡ የሚፈጠሩት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ሞገዶች ደግሞ ቀጭን ድምፅ ወደሚያሰማው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሩ፣ ያመራሉ፤ ስስ የሆነው የሽቦ ጥቅሉም ሙቀቱን መቋቋም ይሳነዋል። ለዚህ ሁሉ አደጋ የሚገኘው ትርፍ ግን ጥቂት ነው፤ ኃይል በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለሆነም የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከስፒከሩ አቅም ጋር የተቀራረበ ይሁን፤ ድምፁ መሻከር ከጀመረም ወዲያውኑ ዝቅ ማድረግ ይገባል።